ማክሰኞና ዓርብ የሚጨምር ግፊት

እሑድ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት

አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመህ እንዳታነበው። ወንበርህ ላይ ተቀመጥ፤ ጀርባህን አስደግፍ፣ እግርህን አታነባብር፣ ክንድህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፍ። አምስት ደቂቃ ዝም ብለህ ቆይና ከዚያ ጀምር። ይህን ትእዛዝ ከሚያዝያ ጀምሮ በስልክ ስትሰማው ኖረሃል። የምታዝህ ነርስ ማን እንደሆነች አታውቅም ብዬ ነበር። ለካስ ታውቃለህ።

እኔ ደህና ነኝ። አልከሳሁም፣ አልታመምኩም፣ አላገባሁም፤ ሦስቱንም መጠየቅህ ስለማይቀር ነው ቀድሜ የነገርኩህ።

የምሠራበት ቦታ የርቀት ክትትል ክፍል ይባላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አራት ጠረጴዛ፣ አራት ኮምፒውተርና ገጥሞ ተዘግቶ የማያውቅ አንድ መስኮት አለው። ጠዋት ጠዋት ጉም ከወንዙ ተነስቶ መስኮቱ ላይ ሲተኛ፣ ሕንፃው ከመሬት ተላቆ ቀስ እያለ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ቁጥሮቹ መምጣት የሚጀምሩት በዚያ ሰዓት ነው። በየከተማው ሰዎች ከእንቅልፋቸው ተነስተው ክንዳቸው ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ማሰሪያ ይጠቀልሉና አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፤ መለኪያው የለካውን ራሱ ይልክልናል። ስሞቹ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ሲበሩ፣ ከኮረብታ ላይ ሆኜ የሩቅ ሰፈር መስኮቶች ሲበሩ የማይ ይመስለኛል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። የአንዳቸውንም ፊት አላውቅም። የማን ልብ እንደሚቸኩል፣ የማን እንደሚያዘግም ግን በቃሌ አውቃለሁ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማክሰኞ ያንተ ስም በራ። መቶ ስልሳ ሁለት በዘጠና ስምንት። ዕድሜ፣ ስልሳ ስድስት። ሥራ፣ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር። ዘጠኝ ዓመት ድምፅህን ሳልሰማ ኖሬ፣ በሁለት ቁጥር ሆነህ ጠረጴዛዬ ላይ መጣህ።

የዘመድ ፋይል ሲገጥመን ለኃላፊያችን ነግረን ለሌላ ማስረከብ ደንባችን ነው። አልነገርኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለማንም አላካፍለውም። የላይኛው ቁጥር ከመቶ ስልሳ ሲያልፍ ደግሞ መደወል ግዴታ ነው። ድምፄን ወፈር አድርጌ ደወልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ከርቀት ክትትል ክፍል ነው የምደውለው። እንዴት አደሩ?»

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«ደህና አደርሽ ልጄ?»

ሽማግሌ ሁሉ ነርስን ልጄ ይላል። እኔም እንደዚያ ነው የወሰድኩት።

ማክሰኞና ዓርብ እየደወልኩ ስጨቀጭቅህ ክኒኑን ጀመርክ፣ ጨው ቀነስክ፤ ሰኔ ሳያልቅ መቶ ሠላሳዎቹ ውስጥ ገባህ። ክረምቱን በሙሉ አልደወልኩም። መቶ ሠላሳ አራት፣ መቶ ሠላሳ አንድ እያልክ በሰላም ታልፋለህ፤ እኔም በሰላም እጠላሃለሁ። ምንም አልጎደለኝም ነበር፤ አንድ ሕልም ብቻ ይመላለስብኝ ነበር። በሕልሜ የድሮው ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ እሄዳለሁ። ከየበሩ ኋላ የመለኪያው አየር ሲሞላና ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ ሕንፃው በሙሉ የተኛ ሰው ይመስል ነበር። የቢሮህን በር ስከፍተው አንተ የለህም። ጠረጴዛው ላይ ባዶው ማሰሪያ ብቻውን ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ማንን እየለካ እንደሆነ ሳላውቅ እነቃለሁ።

መስከረም ሲጠባ ቁጥርህ ተነሳ። በየማክሰኞው ደወልኩ፣ በየዓርቡ ደወልኩ። ስለ ግፊትህ ሁለት ደቂቃ ካወራን በኋላ ስለ ሌላው ታወራኛለህ። ጣሪያህ የሚያፈሰው በየትኛው ጥግ እንደሆነ፣ የመነጽርህ እጀታ ተሰብሮ በሽቦ እንዳሰርከው። ሥራ አለብኝ ብዬ መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም።

«እዚያ ይበርዳል?» አልከኝ አንድ ቀን።

«የት?»

«አንቺ ያለሽበት ነዋ።»

«ደህና ነው።»

«ደረብ አድርጊ። ድምፅሽ ጉሮሮሽ ላይ ቀርቷል።»

ስልኩን ዘጋሁት። ጉሙ መስኮቱን ሞልቶት ስለነበር ከመስታወቱ ወዲያ ያለህ መሰለኝ። ሽማግሌ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው አልኩ።

ከጎኔ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ራዲዮ ነው የምንለው፤ ጠዋት የከፈተውን አፍ ማታ እንኳ አይዘጋም። እሱ ነው መጀመሪያ ያየው።

«ስሚ እንጂ፤ እኚህ ርዕሰ መምህር ፍቅር ይዟቸዋል።»

«ሥራህን ሥራ።»

«ሥራዬን እኮ ነው የምሠራው! እይው፤ ሰኞ መቶ ሠላሳ ሁለት። ማክሰኞ መቶ ሰባ አንድ። ረቡዕ መቶ ሠላሳ። ሐሙስ እንደዚያው። ዓርብ መቶ ሰባ አራት። ማክሰኞና ዓርብ ብቻ የሚነሳ ግፊት የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብሽው? ማክሰኞና ዓርብ ስልኩ ላይ የሚቀመጠውስ ማን ነው?»

«አጋጣሚ ነው።»

«እኔ አንዴ ብደውልላቸው ‹ደህና ነኝ፣ ተመስገን› ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ። ካንቺ ጋር ግን አሥራ ስምንት ደቂቃ!»

«ቅናት ነው» አልኩት፤ ሳቀ። እኔ ግን ግራፉን ማየት አላቆምኩም። በእነዚያ ቀናት የልብ ምትህም መቶ ስምንት፣ መቶ አሥር ነበር። ስደውል ታለከልካለህ። «ደረጃ ወጥቼ ነው» ትለኛለህ። አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበሉ ስልህ እሺ ትላለህ፤ በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ያው ነህ። አንድ ደቂቃ ያረፈደ ተማሪ ፀሐይ ላይ ያቆም የነበረ ሰው አምስት ደቂቃ መቀመጥ እንዴት አቃተው? መገመት ነበረብኝ። ይልቅ ተናደድኩና ከልቤ ያልመከርኩበትን ነገር ተናገርኩ።

«ከዛሬ ጀምሮ የልብ ምትዎ ከመቶ በላይ ሆኖ የሚመጣ ልኬት አንመዘግብም። አንደውልም።»

ደረጃውን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ። ሌላ መንገድ ትፈልጋለህ ብዬ አላሰብኩም።

ያን ከተናገርኩ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አልደወልኩም። ባለፈው ሳምንት ረቡዕም ሐሙስም ከወትሮው ከፍ ብለህ ነበር፤ ከመቶ ስልሳ ስላላለፍክ ማንም ልብ አላለም። ዓርብ ጠዋት መቶ ዘጠና ስምንት በመቶ አሥራ ስድስት መጣህ። የልብ ምት ስልሳ አንድ። ልብህ አልሮጠም፤ ደረጃ አልወጣህም። ቁጭ ባልክበት ነው የተነሳው። ወዲያው ደወልኩ።

«ራስ ምታት አለዎት? ደረትዎ ላይ መጫን? ዓይንዎ ላይ ብዥታ?»

«ምንም የለኝም።»

«ክኒኑን ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ።»

በሕይወትህ ስትዋሽ ሰምቼህ አላውቅም፤ ስለዚህ ውሸትህ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ግን አላመንኩህም። ከሰዓት በርህን ያንኳኳውን የጤና ጣቢያ ባለሙያ የላክሁብህ እኔ ነኝ። ሪፖርቱ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰን። ራዲዮ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ከመሳቢያህ፣ ከሸሚዞችህ ሥር፣ ያልተነካ የሁለት ሳምንት ክኒን ተገኘ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤትህ ደግሞ «ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ደረጃውን ሦስት ጊዜ እየሮጡ ሲወጡ፣ በስተርጅና ስፖርት ጀመሩ ብለን ስንስቅ ነበር» ብላለች። የመጨረሻው መስመር ላይ ራዲዮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታካሚው መድኃኒት ያቆሙበትን ምክንያት ሲጠየቁ፣ ‹ግፊቴ ሲወርድ ልጄ አትደውልም› ብለዋል።»

ራዲዮን ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ልጄ የሚሉት...» አለኝ።

«አባቴ ነው» አልኩት።

ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ ብዬ ብጽፍልህ ደስ ይልሃል። አላለቀስኩም። ተናደድኩ። አሁንም እንደተናደድኩ ነው የምጽፍልህ። ሰውዬ፣ ግፊትን ሁለት መቶ ከማስገባት «በድዬሻለሁ» ማለት አይቀልም ነበር? የአንጎልህ ሥር ቢበጠስስ? ያን ጊዜ ለእኔ ትተህልኝ የምትሄደው ምን ነበር፤ ያላለቀ ግራፍ?

በእጄ ጽፌ የሰጠሁህ የመጨረሻው ወረቀት የቱ እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ እንዴት እንደምታስታውሰው አላውቅም፤ እኔ የማስታውሰውን ልንገርህ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ከክፍለ ጊዜው በኋላ ብቻዬን አስቀርቶኝ፣ በሩን ዘግቶ እጁን የት እንዳሳረፈ ነገርኩህ። እኔ የነገርኩት ለአባቴ ነው፤ የሰማኝ ግን ርዕሰ መምህሩ ነበር። በማግስቱ ቢሮህ አስጠራኸኝ። መምህሩ ተቀምጧል፣ እኔ ቆሜያለሁ። «ዋሽቻለሁ ብለሽ ጻፊና ነገሩ እዚህ ያልቃል» አልክ። «የትምህርት ቤቱ ስም ከአንቺም ከእኔም ይበልጣል።» ሦስት መስመር ጻፍኩ። ፊደሎቼ ከመስመሩ ሲወጡ አይተህ «መስመሩን ጠብቂ» አልከኝ። አባዬ፣ አልዋሸሁም ነበር። ያኔም ታውቅ ነበር ብዬ ነው የማምነው፤ መቻል ያቃተኝም ይህንን ነው። እሱ በክብር ተሸኝቶ ጡረታ ወጣ። እኔ ሻንጣዬን ይዤ አክስቴ ዘንድ ገባሁ፣ ተማርኩ፣ ሰው ሆንኩ። ያለ አንተ። ይህን ስጽፍ እየኮራሁ ነው።

አሁን ስለሚሆነው ነገር ልንገርህ። ለኃላፊያችን ሁሉንም ነግሬያለሁ፤ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኛል፣ ይገባኛል። ከነገ ጀምሮ ፋይልህ የራዲዮ ነው። ብዙ ያወራል፤ ቻለው። ማክሰኞም ቢሆን ዓርብም ቢሆን፣ መቶ ሰባም ቢሆን ሦስት መቶም ቢሆን፣ ግፊትህ ሲነሳ የሚደውልልህ እሱ ነው። በሕመምህ የምትጠራት ልጅ ከእንግዲህ በዚያ መስመር ላይ የለችም።

ክኒኑን ሐኪሙ ባዘዘልህ መጠን ጠዋት ጠዋት ዋጥ። ያለፈህን ለማካካስ ሁለት እንዳትውጥ። ጨው አልባው ምግብ ካቃተህ ሎሚ ጨምቅበት። ራስህን ለሁለት የሚከፍል ሕመም፣ የደረት መጫን፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአፍ መያያዝ ከመጣ የማንንም ስልክ ሳትጠብቅ ጎረቤትህን ጠርተህ ወደ ሐኪም ቤት ሂድ። ይህን ነርሷ ናት የምትነግርህ።

ልጅህ የምትነግርህ ደግሞ ሌላ ነው። ደብዳቤው እስከ ሐሙስ ይደርስሃል። የሚመጣው እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በራሴ ስልክ እደውልልሃለሁ። ቁጥርህ መቶ ሃያም ቢሆን እደውላለሁ። በየሳምንቱ እሑድ እደውላለሁ። እንድደውልልህ መታመም የለብህም።

ስለ ግፊትህ አልጠይቅህም። የምጠይቅህ ስለዚያ ቀን ነው፤ የመጀመሪያውን ቃል የምትናገረው ደግሞ አንተ ነህ። ካልወጣልህ ዝም በል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ትንፋሽህን እየሰማሁ እቆያለሁ፤ ስልኩን አልዘጋም። ካልሆነልህ ለሚቀጥለው እሑድ ነው፤ ያም ካልሆነ ለዚያ ለሚቀጥለው። ለዚህ ሁሉ እሑድ የሚበቃ ዕድሜ ያስፈልግሃል፤ እሱን እግዚአብሔር ይስጥህ። አደራህን፣ አንተም አትከልክለው።

ገና ይቅር ያላለችህ፣
ልጅህ