ሽማግሌዎቹ ሳይመዘኑ አውሮፕላኑ እንዳይነሳ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለደመና ጫፍ የቀላል አውሮፕላን አከራይ ድርጅት
ለበረራ ክፍል ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ጉዳዩ፦ አብራሪው አውሮፕላኑን ሳይለምዱትና ተሳፋሪዎቹ ሳይመዘኑ የእሑዱ በረራ እንዳይፈቀድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት አንዲት ጥፋቴን በፈቃዴ እናዘዛለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ነርስ የሆነችው እናቴ ቤት ያስቀመጠችውን የሰው ሚዛን አውጥቼ፣ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎችን «የደም ግፊት መለኪያ ነው» በማለት አንድ በአንድ አቁሜባቸዋለሁ። ከሦስቱ አንዱ መሪጌታ ትእዛዝ «ስንት አለ?» ብለው ቢጠይቁኝ «ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ጨው ይቀንሱ» ብያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጨው የሌለው ወጥ ነው የሚበሉት አሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለዚህ ያደረሰኝ ግን የሚከተለው ነው።

1. እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለ አራት መቀመጫውን አውሮፕላን ከድርጅትዎ የተከራዩት አቶ ካሳው አጎቴ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፤ የግል አብራሪነት ፈቃድም አላቸው። የፊታችን እሑድ ለልጃቸው ሚስት የሚጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎችን ይዘው ወደ ጎንደር ሊበሩ ነው። መኪና አለ፣ መንገድም አለ። ነገር ግን ከሰማይ ለወረደ ሽማግሌ የልጅቷ አባት እምቢ አይሉም ተብሏል።

2. አጎቴ ለዓመታት የለመዱት ባለ ስድስት መቀመጫና ጉልበተኛ ሞተር ያለውን ነው። ባለፈው ሐሙስ በዚህኛው ለልምምድ ሲነሱ አብሬያቸው ነበርኩ። ለመነሳት የሚያግዘውን የክንፉን ታጣፊ የሚያወርደው ማንሻ በድሮው አውሮፕላን በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ነበር፤ በዚህኛው ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ቁልፍ ናት። እጃቸው በልማድ ወደ መሃል ሄዶ የእኔን ጉልበት ያዘ። «ወዴት ሄደች?» አሉ። «እዚሁ ነኝ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን ማናችንም አልሳቅንም። መንደርደሪያው እያለቀ አውሮፕላኑ መሬቱን አልለቅ አለ። የኛ አገር ከፍታ አየሩን ስላሳሳው ሞተሩም ክንፉም እንደ ቆላው አይሠሩም፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ከመሬት ስንላቀቅ የባሕር ዛፎቹ ቅጠል እየተለየ ይታየኝ ነበር። የተሳፈርነውም እሳቸውና እኔ ብቻ ነን፤ እኔን ደግሞ እናቴ ነፋስ ይወስድሻል የምትለኝ ነኝ።

3. ስናርፍ «ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹ ይመዘኑ እንጂ» ብላቸው፣ ትክ ብለው አዩኝና «ሽማግሌ ይመዘናል እንዴ?» አሉኝ። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎቹን ደፍረው ጠይቀዋቸው ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ አቶ አለሙ «እኔ በርበሬ ነኝ?» ብለው ብድግ ሲሉ በስንት ልመና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ክብደታቸውን የሚይዙት በግምት ነው፤ ግምቱም ሰዎቹን ላለማስቀየም ሲባል እጅግ አክስቷቸዋል። ሚዛኑ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ሦስቱም ከነጋቢያቸው ነው የሚጓዙት፤ አቶ አለሙማ ለልጅቷ እናት የሚሆን ማር በጀሪካን አዘጋጅተዋል። ከአውሮፕላኑ መመሪያ ጋር ሳስተያየው ጭነቱ ከተፈቀደው አልፏል።

ክቡር ሆይ፣ በእነዚህ ሰዎች ስቀልድ ነው ያደግሁት። መሪጌታ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ አጎቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ሆነውኛል። የምስቅበት ሰው እንዳላጣ ፈርቻለሁ።

4. ስለዚህ፣

ሀ/ አጎቴ ከድርጅቱ አሠልጣኝ ጋር ሆነው፣ እጃቸው አዲሶቹን ቁልፎች ሳይፈልግ እስኪያገኝ፣ ጭነቱንም ቀስ በቀስ እየጨመሩ ከዚሁ ሜዳ እንዲለማመዱ፤

ለ/ ተሳፋሪ ሁሉ እንዲመዘን ከቢሮዎ በማኅተም እንዲታዘዝ፣ የበዛውም ሰው ከነማሩ በመኪና እንዲከተል በማክበር እጠይቃለሁ። አጎቴ ቢጠይቁ ድፍረት ይሆናል። ማኅተም ከጠየቀ ግን አቶ አለሙም ጫማቸውን አውልቀው ይሰለፋሉ።

5. ይህን የጻፍኩት እኔ መሆኔ በምንም ምክንያት ለአጎቴ እንዳይነገርብኝ አደራ እ

«ማስተዋል!» አሉ አጎቴ ከኋላዬ። ከላይ እስከ ታች አንብበውታል። ቁጣ ስጠብቅ አሁን እስክሪብቶውን አምጪ እያሉኝ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከጥቂት ድንጋጤ ሰላምታ ጋር፣

ማስተዋል ተስፋነህ
(ፊርማ)

በተራ ቁጥር 4 የተጠየቀውን እኔም እጠይቃለሁ።
ካሳው ሙላቴ፣ አብራሪ
(ፊርማ)