የጁሱ ብር የሚገባበት ስልክ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ሠላሳ አራት ብርጭቆ ጁስ ሸጥኩ። በእጄ የገባው የስምንቱ ብር ብቻ ነው። ሌላው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለሆነ በስልክ ነው የሚከፍለው... ሱቁ ላይ በሰቀልኩት ካርቶን የተጻፈው ደግሞ የወንድሜ የኡስማን ቁጥር ነው። አራት ዓመት እንዲሁ ነው።

ቡና ለቀማ ስለጀመረ ከዱመርሶ አቮካዶ የሚያመጡልኝ ሴቶች ቀሩ። ከገበያ በውድ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ለኡስማን ስነግረው፣ «ይሄ ጁስ ቤት አያዋጣም ብዬሽ የለ?» አለ። ሚስቱ እራት አቀረበች። አመሰገንኩ፣ ተኛሁ።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ኤልሮኢ መጣች፤ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ የምትማረው ደንበኛዬ። ስፕሪስ አዘዘች።

«ሀጅራዬ፣ ትርፍሽ ስንት ነው?»

«አያዋጣም።»

«እኮ ስንት?»

አላውቀውም አልኳት። ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት አፕ አለ፣ ልጫንልሽ አለች። ጎረቤቴ ታዲዮስ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሆኖ ሰማና ሳቀ። «ብሩ በሰው ስልክ እየገባ መመዝገብ ምን ያደርግላታል? ብር የሚገባበት የራስሽን ዋሌት ክፈቺ!»

ስልኬ ሞልቷል። አፑንና ዋሌቱን አንድ ላይ አይችልም። አንዱን ነው። ሲሙም በኡስማን ስም የወጣ ነው። ዋሌት ካልኩ አዲስ ሲም፣ አዲስ ወሬ... አፑን መረጥኩ። መመዝገብ ማንን ያስቀይማል?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ሙሉ ጻፍኩ። ስኳር፣ ወተት፣ የሱቅ ኪራይ፣ ፍራፍሬ። ወጪ 8,150። በእጄ የገባ 3,000። አፑ የጎደለውን በቀይ አሳየኝ፤ 5,150። ኡስማን እውነቱን ነው ለካ።

ኤልሮኢ አየችና፣ «የስልኩ ሽያጭስ የታለ?» አለች።

«እሱን የሚያውቀው ወንድሜ ነው።»

«የሸጥሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

በዚህ ሳምንት በስልክ የተከፈለውን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 156 ብርጭቆ። በስልሳ ብር ሲባዛ 9,360። ኡስማን ለፍራፍሬ ብሎ የሰጠኝ 5,000 ነው። ሦስቴ አባዛሁት። ያው ነው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ጠየቅኩት። ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

«ጋሼ፣ ከስልኩ ብር የሚተርፈው የት ይገባል?»

«የምትኖሪበትን ቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? የምትበይውንስ?»

እውነቱን ነው። ይከፍላል። ግን እኔ እስከ ዛሬ በነፃ የምኖር ነበር የሚመስለኝ...

ከባሌ ስለያይ ከወራቤ ያመጣኝ እሱ ነው። ጁስ መፍጫውንም የገዛልኝ እሱ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ሥራው ባያዋጣም እህቴን አልጥልም» ይላል። አንገቴን ደፍቼ ሻይ አቀርባለሁ። አራት ዓመት ልብሱን ያጠብኩለት ውለታ አለብኝ ብዬ ነው። ለካ ስከፍል ነበር። ያልነገረኝ ለምንድን ነው? እሱስ ቆጥሮት ያውቃል?

ንዴት ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ራሴን አመመኝ ብቻ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ዝናብ። አሥራ አንድ ብርጭቆ። ከኡስማን ጋር ከሰላምታ በስተቀር ወሬ የለም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ በስሜ ሲም አወጣሁ። ዋሌቱን ታዲዮስ ሊጭንልኝ ሲል ስልኩ ቦታ የለም አለ። የሂሳብ አፑን አጠፋሁት። የሁለት ሳምንቱ ጽሑፍ አብሮ ሄደ። ኤልሮኢ ቅር አላት። «ሂሳብሽን በምን ልታውቂ ነው?» አለች። ደብተር አለኝ አልኳት። ማወቅ የነበረብኝን አውቄያለሁ። አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው።

ካርቶኑን ገልብጬ አዲሱን ቁጥር ጻፍኩበት። ሰባቱ አንድ መሰለ፤ ደገምኩት። ኡስማን ከቤቴ ውጪ ቢለኝስ? የት እሄዳለሁ?

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ኡስማን ከጁምዓ ሲመለስ በሱቁ በኩል አለፈ። ካርቶኑን አየ።

«ቁጥሩን ቀየርሽው?»

«ቀየርኩት።»

«ማን መከረሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያው ኪራይሽንም ራስሽ ክፈያ!»

«እሺ። ስንት ነው?»

አስቦት አያውቅም። ተማሪዎቹ ወደኛ ማየት ጀመሩ። «ሦስት ሺህ። ከነምግቡ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሰኝ።»

ሄደ። ማታ በሩ ክፍት ነበር። ገባሁ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ሦስት ሺውን ላክሁለት። አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ሰማን። አየት አደረገና ወደ ኪሱ መለሰው።

«ደረሰህ?»

«ደርሷል።»

እራት ላይ ሚስቱን ወጥ ጨምሪልኝ አልኳት። በአራት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ደነገጠች መሰለኝ... ሁለት ጭልፋ ጨመረችልኝ። የኡስማን ልብስ ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፎ አደረ። አልነካሁትም።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ኡስማን ገደብ ከተማ ገበያ ልብስ ሸጦ ሲመለስ ከአውቶቡስ ወርዶ ቀጥታ ሱቅ መጣ። ጫማው ጭቃ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ሰጡት።

«አንድ አቮካዶ» አለ።

ሠራሁለት። እስከ ታች ጠጣው። ስልኩን አወጣ። አትክፈል ልለው ነበር... ካርቶኑን አዞርኩለት።

ቁጥሬን ካርቶኑን እያየ ጻፈ። ብር ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ጮክ ብሎ አነበበው፣ ከነአባታችን ስም።

«ሀጅራ ሙዘይን።»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ትክክል ነው?» አለ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

«ትክክል ነው» አልኩት።

ስልሳ ብር ገባ።