ስለሸጥኩልዎ ለስላሳ ሾክአብዞርበር

ሚዛን ተፈሪ፣ ሰኔ 5 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመንገድ ጥገና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ በተለይም ለወገብዎ ጤንነት ዘወትር ዱዓ የማደርግልዎ ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ነጋዴው ሀምዱ ነኝ። በመስከረም ወር የመኪናን መንገጫገጭ የሚያበርድ፣ እንደተፈለገ የሚለሰልስና የሚጠነክር ያገለገለ ሾክአብዞርበር ለቢሮ መኪናዎ ሸጬ፣ በገዛ እጄ ገጥሜ፣ መጨረሻው ለስላሳ ላይ አድርጌ ያስረከብኩዎ እኔ ነኝና፣ ለደረሰው ሁሉ ቀዳሚው ጥፋተኛ እኔ መሆኔን በትሕትና አምናለሁ።

አንደኛ፦ ከዚያ በፊት ወደ ቡና መንደሮቹ ደርሰው በተመለሱ ቁጥር ወገብዎን ይዘው ከመኪና ይወርዱና በሳምንቱ መንገድ ደልዳዩ ግሬደር ይወጣ እንደነበር አገር ያውቃል። እርስዎ ሲያነክሱ ባየን ቁጥር መንገዳችን ሊጠገን ነው ብለን ደስ ይለን ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለን። ሾክአብዞርበሩ ከተገጠመልዎ ወዲህ ግን ግሬደሩ ከግቢዎ ወጥቶ አያውቅም፤ ሳሩ ጎማውን ሸፍኖታል።

ሁለተኛ፦ ባለፈው ወር ሪፖርትዎ ላይ መንገዱ ምቹ ነው ተብሏል። ከእርስዎ ወንበር ላይ ሆኖ ለሚያየው እውነት ነው።

ሦስተኛውን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። በዚሁ ምቹ መንገድ ላይ ባለፈው ወር ውድነሽ የምትባል እናት ሚኒባሱ ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮባት እዚያው ወለደች፤ ልጇንም በማግስቱ ቀበረች። እጇን ይዛት የነበረችው ጎረቤቷ፣ እህቴ ዐፊፋ ናት። አሁን የዐፊፋም ቀን ደርሷል፤ ጤና ጣቢያው ልጁ ሆድሽ ውስጥ ተጋድሟልና ሆስፒታል ካልሆነ አትወልጂም ብሏታል። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ።

ዕቃዬን መልሼ እንድወስድና የድሮውን ድርቅ ያለ ሾክአብዞርበርዎን እንድገጥምልዎ ለመለመን ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ፣ ሦስቴም ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ደጅዎ ላይ ስጠብቅ ወንበር ስለተሰጠኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ እሱም ለስላሳ ነበር።

እርስዎ ተደላድለው ከሚያልፉበት፣ እኛ ተንገጫግጨን ከምናልፍበት መንገድ ዳር ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤
ሀምዱ አባቢያ

ግልባጭ፦ ለወገብዎ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት ሾፌርዎ የላላ ብሎን እንዳጠብቅለት መኪናዎን አምጥቶልኝ ነበር። ብሎኑን አጥብቄያለሁ፤ ሾክአብዞርበሩንም መጨረሻው ጠንካራ ላይ አድርጌዋለሁ። ነገ ወደ ቡና መንደሮቹ እንደሚወጡ ነግሮኛል፤ ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ተመልሰው ይሆናልና እንኳን ደህና ገቡ። የግሬደሩን ሳር አጭደን ጠብቀንዎታል።