የደፋው የአባባ እጅ አይደለም

ለማከብርህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጫማህን የምታስርልህ ባለቤትህ ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ በጤናችን ደህና ነን፤ እማዬንም ጉልበቷን ለቀቅ አድርጓታል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ አባባ አጠገቤ ስለሚቀመጡ ነው። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሰምተህ ዝም እንዳትለኝ ፈርቼ ነው። ባለፈው ስትደውል አባባ "መንዳት ትቻለሁ፣ እጄ አረጀ" ሲሉህ "ደግ አደረጉ" ብለሃቸው ነበር። አንተ ምን ታውቃለህ፤ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዘይት ስሸጥ እየዋልኩ፣ አባባ እኛን ያሳደገችውን ታክሲ ያንኑ ወፍራም ዘይት ሲያጠጧት ማየት ያበግነኝ ነበር። ሲንቴቲክ የሚባለው ቀጭኑ አዲስ ዘይት ሞተር ያጸዳል፣ ጠዋት ቶሎ ያስነሳል ብዬ ብለምናቸው፣ "ልጄ፣ የኪሎሜትር ቆጣሪዋ እንኳ መቁጠር ሰልችቶት ቆሟል፤ በስተርጅና ጠባይ አታስለውጫት" ብለው ሳቁብኝ። ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ የሄዱ ዕለት ሲንቴቲኩን ይዤ መኪናዋን ጭራሮ የምንለው መካኒክ ጋ ወሰድኳት። እሱም "ዘይቱ ጥሩ ነው፤ ግን ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙት የሞተሩ ጎሚኒዎች ደርቀዋል፣ ደፍኖ የያዛቸው ቆሻሻው ነው። አስቀድመን እንቀይራቸው" አለኝ። አባባ ሳይመለሱ ለመጨረስ ቸኩዬ፣ "ዘይቱን ብቻ ቀይር፣ ለእሳቸውም እንዳትነግር" አልኩት።

ሞተሩ መጀመሪያ እንደ አዲስ ሆነ፤ እኔም በልቤ ኮራሁ። ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ። ዘይቱ የስንት ዓመት ቆሻሻ ሲያጥብ የጎሚኒው ስንጥቅ ተገለጠ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ የምትቆምበት ደጃፏ በዘይት ጠቁሮ ብታገኘው አባባን ወቀሰቻቸው። እሳቸውም ተንበርክከው ሲሚንቶውን በሳሙና እየፈተጉ፣ "ይቅር በይኝ፣ ዘይት ስጨምር እጄ እየደፋ ነው" ሲሏት በመስኮት ሰማሁ። መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። መጋረጃውን መለስኩት።

በማግስቱ ቁልፉን ሰጡኝ። "እጄ የሚሠራውን ዓይኔ ካላየው የሰው ልጅ ጭኜ መሄድ የለብኝም" አሉ። ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። "ዕረፍት ያስፈልግዎታል" ማለቴን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ፣ ወንድም ጋሼ።

ከዚያ ወዲህ አባባ ጢማቸውን መላጨት ተዉ። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ የውሃውን ጆግ ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ "አንቺ ቅጂልኝ፣ እኔ እደፋዋለሁ" አሉኝ። እጃቸውን አየሁት፤ እንደ ድንጋይ የረጋ ነው። ውሃውን ቀዳሁላቸውና እማዬ ፊት ሁሉንም ዘረገፍኩት።

እማዬ አቀረቀረች። አባባ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። "ጭራሮም ያውቅ ነበር?" አሉ። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ውሃቸውን ጠጥተው ሲያበቁ፣ "ልብስ ሰፊዋን ሄደሽ ንገሪያት" ብቻ አሉኝ። ሄጄ ደንበኞቿ ፊት ነገርኳት። መቀሷን አስቀምጣ "በከንቱ ነዋ ሽማግሌውን ያንበረከክኩት" አለች፤ እሷም አፈረች።

ጎሚኒዎቹ ተቀየሩ፤ መንጠባጠቡ ቆመ። ጭራሮ ወደ ድሮው ዘይት እንመልሳት ቢል አባባ "ዘይቱ ምን አጠፋ?" ብለው አዲሱ እንዲቀጥል አደረጉ። አሁን ይነዳሉ። ብቻ በየጠዋቱ ከማስነሳታቸው በፊት ኮፈኑን ከፍተው "የነካሽው ነገር አለ?" ይሉኛል። በቁጣ አይደለም፤ ዝናብ ይመጣ ይሆን እንደሚል ሰው ነው። "የለም፣ አባባ" እላለሁ። እሳቸው ግን ሰምተው እንዳልሰሙ የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዘው ያያሉ።

ስትደውል እባክህ ያን "ደግ አደረጉ" ያልከውን አንሳና እጃቸው ደህና እንደሆነ ንገራቸው። ከእኔ አፍ ሲሰሙት ማባበያ ይመስላቸዋል።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ለእናቷም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እማዬ "ለትንሿ ሹራብ ገና እየሠራሁ ነው፣ እስክጨርስ እንዳታድግብኝ" ብላለች። አባባ እየጻፍኩልህ መሆኑን ያውቃሉ፤ ምን እንደምጽፍ አልጠየቁኝም። "ይደውል በይው" አሉ።

እህትህ

ከቤት፣ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከሰዓት በኋላ