በረዶ ለታደሰ

ሰኞ፣ የካቲት 3። ከቀኑ 8 ሰዓት

ዛሬም ውሃዬን ሸጬ ሳልጨርስ ተመለስኩ። መናኸሪያው በተጠማ ሰው ተሞልቶ እኔ አይስቦክሴን አንጠልጥዬ ወደ ቤት። እሱን ብቻውን ከሦስት ሰዓት በላይ መተው አልችልም።

አልጋው ላይ ቁጭ ብሏል። አፉን ከፍቶ። መተኛት አይችልም፤ ከተጋደመ ትንፋሹ ይቆረጣል። ቆርቆሮው ከላይ በሙቀት ይንጣጣል። ጨርቅ ነክሬ ደረቱ ላይ አደርጋለሁ፣ ፊቴን ሳላዞር ይደርቃል።

ደብተሬ፣ ሦስት ሳምንት ስላልጻፍኩብሽ ስለ እሱ አታውቂም። ታደሰ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠፍቶ መጣ። የናይሮቢ አውቶቡስ እዚህ፣ የኬንያው ሞያሌ፣ አወረደው፤ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለት ብሎ በነጠላ ጫማ። ያከራየችው ሴትዮ ቤቷ እንዳይሞትባት ፈርታ ነው ያሳፈረችው። ከእኔ ሌላ ዘመድ የለውም። ደስ ብሎኛል ልበልሽ? ደስ አላለኝም።

ክሊኒክ ወስጄው ነበር። ልቡ ደክሟል አለ ሐኪሙ። መድኃኒት ሰጠ፣ ጨው ከለከለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ አለ። ሞያሌ፣ የካቲት፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ቀዝቃዛ ክፍል። ሳቄ መጣ። ሐኪሙም ገባው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አላየኝም።

አሁን ጉዮ በበሩ ሲያልፍ አየውና ቆመ። ጉዮ ጎረቤቴ ነው፣ ቦረና፣ የሶላር ፈንዲ። የተበላሸ ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ ይጠገናል። ኤሲ ልሥራላችሁ አለ። በምን? ስለው እጁን አይስቦክሴ ላይ አሳረፈ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ክዳኑ ተቀደደ።

ዘጠኝ ዓመት የበላሁበት ሳጥን ነው። ጉዮ ቢላዋ ከሰል ላይ አግሎ ሁለት ክብ ቀዳዳ አወጣለት። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። በውስጡ የነበረው ነጭ ፎም ተፈርፍሮ መሬቱን ሞላው። አንዱ ቀዳዳ ላይ ከአሮጌ ሎሪ የተነቀለ ትንሽ ማራገቢያ ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ገጠመ። ሌላው ላይ ክርን የመሰለ የፕላስቲክ ቧንቧ። ሽቦው ወደ ሶላሬ ባትሪ። አለቀ። ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ሳጥኑ ይገፋል፣ አየሩ በበረዶው ላይ አልፎ በቧንቧው ቀዝቅዞ ይወጣል።

በኋላ ቀዳዳው ይደፈናል ወይ አልኩት። "ሃፓና፣ ማማ" አለኝ። አይደፈንም። ቢደፈንም በረዶ አይዝም።

ታዲያ ከነገ ወዲያ ምን ልሸጥ ነው? እሱን ማንም አልጠየቀኝም። 

ሐሙስ፣ የካቲት 6። 9 ሰዓት

ይሠራል። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ብቻ። ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ሰውየውን ነው የሚያቀዘቅዘው። ቧንቧውን ወደ አንገቱ አዞርኩለት። ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጋድሞ ተኛ፣ አፉን ገጥሞ። እኔ ከአልጋው ማዶ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ አየዋለሁ። ቀናሁበት። ለአንቺ አልዋሽም።

የተፈጨ በረዶ ሰዓት አይሞላም። ከቀለጠ በኋላ የሚወጣው እርጥብ ሙቀት ነው፣ ከበፊቱ የባሰ። አሁን በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልቼ አስቀዘቅዛለሁ፤ ሦስት ሰዓት ይቆያል። መስኮቱንም ገርበብ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ካልሆነ ይታፈናል።

ፍሪዘሩ የወ/ሮ ብርቄ ነው፣ የሆቴሉ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሰሐን አጥብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ጠርሙሶቼን ያስቀምጡልኛል። ደግ ናቸው፤ ግን ሳይናገሩ ደግ መሆን አይሆንላቸውም። ዛሬ እንግዳ ፊት፣ ጽጌ እኮ ድሮ የራሷ ሥራ ነበራት አሉ። ድሮ ማለት ሰኞ ነው።

ታደሰ ሲነቃ ምን አለ? ነፋሱ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል አለ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ሲቀዘቅዝለት ይናገራል። ትንፋሹ ሲረጋ ወሬው ይመጣል። ዛሬ ስለ እናታችን ጠየቀኝ።

ስትሞት ማን ነበር? እኔ። የት ተቀበረች? ዋልዳ፣ ካምፑ ዳር። ምን ብላ ሞተች? 

ምን ልበለው? ከኢትዮጵያ ሸሽተን ኬንያ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ስንገባ ሦስት ነበርን፤ እናታችን፣ እሱ፣ እኔ። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ስማችን በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ ወደ ውጭ ሀገር የምንሄድበት ማመልከቻም በዚያው ወረቀት። ታደሰ ጉዳዩን ልከታተል ብሎ ወረቀቱን ይዞ ናይሮቢ ወረደ። ቀረ። እናታችን አቧራ ባየች ቁጥር ሎሪ መጣ ትላለች። በአራተኛው ወር ሞተች። ወንዶቹ ቆፈሩ፣ ድንጋዩን እኔ ደረደርኩ።

ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። አሟት ነበር አልኩት። ቧንቧውን አስተካክዬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

የስደተኞች መዝገብ ቢሮ ሄድኩ። በየዓመቱ እንደምሄደው። ሰሐን ከማጠብ የተሻለ ሥራ የምፈልግበት ኪፓንዴ፣ መታወቂያ፣ ይኑረኝ ብዬ። ያለ መታወቂያ በናይሮቢ መንገድ የመጀመሪያውን ኬላ አላልፍም። ሲም ካርዴ እንኳ በጉዮ ሚስት ስም የወጣ ነው።

አዲስ ልጅ ነው የተቀመጠው፣ ትሑት። ስሜን፣ ያባቴን ስም፣ የትውልድ ቦታዬን ጻፈ። ኮምፒውተሩን አየ። እኔን አየ። ያው መልስ። እዚህ የለሽም፣ ፋይልሽ ተዘግቷል፣ ሀገር ለቀሽ ከሄድሽ ብዙ ዓመት ሆኖሻል። ፊቱ ቆሜ።

ቤት ገብቼ ለታደሰ እንደ ቀልድ ነገርኩት። ለሰው ሁሉ እንደ ቀልድ ነው የምነግረው፣ ሰውም ይስቃል። እሱ አልሳቀም። ማራገቢያውን አጥፊው አለኝ። በዚያ ሙቀት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እስከ አመሻሽ ቆየ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12። 10 ሰዓት

 ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ለውጬ ልነሣ ስል ቁጭ በይ አለኝ።

"ያ ልጅ ቢሮ የነገረሽ እውነት ነው፣ ጽጌ።"

"ምኑ ነው እውነቱ?"

"ስምሽ ሄዷል። ሌላ ሰው ይዞት ሄዷል።"

ናይሮቢ ሄለን የምትባል ልጅ ነበረች። ይወዳት ነበር። የውጭ ሀገሩ ጥሪ ለሦስታችን ሲመጣ አንቺን ለማምጣት ጊዜ አልነበረም አለኝ። ደግሞ፣ ጊዜስ ነበር አለ። እህቴ ናት ብሎ አስገባት። እናታችን ሞታለች ብሎ አስጻፈ፤ ያኔ በሕይወት አለች። ሄለን ፎቶ ተነሣች፣ በስሜ ፈረመች። እሱን የሳንባ ምርመራው አስቀረው። ቀድማ ሄዳ ልትጠራው ተባባሉ። ሄደች። አልጠራችውም። ወደ እኛ ምን ብሎ ይመለስ? ናይሮቢ ቀረ።

"አሁን የት ናት?"

"እዚያው በሄደችበት ሀገር ናት። ሦስት ልጆች አሏት።"

"በምን አወቅህ?"

"ለገና ትደውልልኛለች።"

ለገና ትደውልለታለች! በስሜ ለምትኖረው ስልክ አለው። ለእኔስ? ሞያሌ መኖሬን መቼ ነው ያወቅኸው አልኩት። ከስድስት ዓመት በፊት፤ ከዚሁ አጠገብ ከጎዶማ የወረደ አንድ ከብት ነጋዴ ነግሮት። ስድስት ዓመት ሙሉ እያወቀ።

ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፣ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ያንን ትንፋሽ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሥራዬ ሳጥን።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

በረዶ አላመጣሁም።

ሰሐኑን አጠብኩ፣ ጠርሙሶቹን ከፍሪዘሩ አላወጣሁም። ቤት ገባሁ። ማራገቢያውን አልነካሁም። ከ6 ሰዓት እስከ 9። በሩ ላይ በርጩማ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ይሰማኛል፤ ትንፋሹን ሲስብ፣ ሲቆረጥበት፣ ሲስብ። አልለመነኝም። ቢለምነኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉዮ መጣ። ገብቶ አየው፣ ሳጥኑን ከፈተ፣ ባዶ።  በቦረንኛ የሆነ ነገር ለራሱ አጉተመተመና እየሮጠ ወደ ሆቴሉ ሄደ። ጠርሙሶቹን በክንዱ ታቅፎ ሲመለስ ሸሚዙ ረጥቧል። አንድ ባንድ ደረደራቸው። ሲወጣ "ፖሌ፣ ማማ" አለኝ። አይዞሽ ነው። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር።

እንዲሞት ፈልጌ ነበር? አላውቅም። ለሦስት ሰዓት ያህል ግድ አልሰጠኝም። ይኸን ጻፊልኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ከማርሳቢት በየወሩ የምትመጣ ጠበቃ አለች፣ በነፃ የምታማክር። ማክሰኞ ትመጣለች። በስልክ ነገርኳት። ወንድምሽ በሕይወት ካለ ቃሉን ይስጥ፣ ከፈረመ ፋይሉ ይከፈታል አለችኝ። እንዳይዘገይ አለች።

ለታደሰ ነገርኩት። ምሕረት እንደማልጠይቀው፣ ገንዘብ እንደማልፈልግ፤ እውነቱን ብቻ እንዲናገር።

"ልጆቹስ?" አለኝ።

"የማን ልጆች?"

"የሄለን። ቢመልሷቸውስ?"

እኔ ልጅ የለኝም። ያለ ወረቀት ማን አግብቶኝ? አንድ ጊዜ የጠየቀኝ ሰው ነበር፣ ሹፌር። ስማችንን ላስመዝግብ ብሎ ሄዶ የለችም ተባለ። እሱም ሊሆን አልቻለም አለኝ፣ ቀረ። ይህን ለታደሰ ዛሬ ነገርኩት። አለቀሰ። እሺ፣ እናገራለሁ አለ።

አመንኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ከጠዋት ጀምሮ ስቲማ፣ መብራቱ፣ ጠፍቷል። የወ/ሮ ብርቄ ፍሪዘር ውስጥ የነበረው ሁሉ በ5 ሰዓት ላይ ውሃ ነው። ጠበቃዋ በ9 ልትመጣ። ትንፋሽ ከሌለው ምን ሊናገር?

ድንበሩን ተሻግሬ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ ሄድኩ። በእግር ለምንመላለሰው ማንም አይጠይቀንም። ጄኔሬተር ያለው አንድ ጭማቂ ቤት ለምኜ በረዶ አገኘሁ። በጆንያ ጠቅልዬ፣ በጀርባዬ። ውሃው በወገቤ እየወረደ፣ መንገደኛው እየሳቀብኝ። 8 ተኩል ላይ ሳጥኑን ሞላሁት። ዘጠኝ ሲሆን ታደሰ ተጋድሟል፣ ፊቱ ሰው መስሏል። አበጥሬዋለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ አልብሼዋለሁ።

ጠበቃዋ ወጣት ናት። ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በስዋሂሊ ጠየቀችው። መለሰ። ዋልዳን ተናገረ፣ እናታችንን ተናገረ፣ ወደ ናይሮቢ መሄዱን ተናገረ።  ከዚያስ? አለችው።

"ወረቀቱ ተሰረቀብኝ።"

ተሰረቀብኝ! ማን እንደወሰደው አላውቅም አለ። ፖሊስ ዘንድ አመለከትክ? አላመለከትኩም። በስሟ የሄደችውን ታውቃታለህ? አላውቃትም። ለእኔ ረቡዕ የነገርከኝስ አልኩት፣ ጮኼ። ጠበቃዋ በእጇ ያዘችኝ። እሱ ጣሪያውን እያየ ነው። ነፋሱ ሸሚዙን ያርገበግባል። ያመጣሁት በረዶ።

ውጭ ቆመን፣ ይህ ብቻውን አይበቃም አለችኝ። የቀረው መንገድ አንድ ነው። በአሮጌው ፋይል ውስጥ ፎቶ አለ። ናይሮቢ በአካል ተገኝቼ ፎቶው ይውጣ ብል፣ ፊቱ የእኔ አለመሆኑን ያያሉ። ግን ያለ መታወቂያ ኬላ ላይ ቢይዙሽ እስር አለው፣ ሂጂ ልልሽ አልችልም አለች። አትሂጂም አላለችኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 20። 7 ሰዓት

ሁለት ቀን ሳላናግረው በረዶ ቀየርኩ። ዛሬ እሱ ጀመረ። ለእናንተ ያልሆንኩትን ለሄለን ልሁን ብዬ ነው አለኝ። እንዲገባኝ ፈልጎ ነው። ገባኝ። መግባቱ ምንም አልቀነሰልኝም።

ጉዮ የሚያውቀው የከብት ሎሪ ቅዳሜ ወደ ናይሮቢ ይወርዳል። ሹፌሩ እሺ ብሏል፤ ኬላ ላይ ከያዙኝ ግን አላውቃትም ነው የሚለው። ይሁን። ወ/ሮ ብርቄ ጠርሙሶቹን ይልካሉ፣ የጉዮ ሚስት ትቀይርለታለች። ዛሬ አሳየኋት፤ ክዳኑን እንዴት እንደምትገጥም፣ የቀለጠውን ውሃ በየት እንደምትደፋ፣ መስኮቱን ምን ያህል እንደምትከፍት።

ለታደሰ ነገርኩት።

"አንቺ ከሌለሽ በዚህ ሙቀት እሞታለሁ፣ ጽጌ። አትሂጂ።"

"እኔ እኮ ከሄድኩ ቆየሁ" አልኩት። "የላክኸኝ አንተ ነህ።"

 የሦስተኛው ጠርሙስ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ቀየርኩለት።

ስመለስ ላላገኘው እችላለሁ። አስቤበታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን እሳፈራለሁ።