ማህተም ያለበት እንቁላል

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ትንሿ ልጅህስ እንዴት ናቸው? የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም አውቶቡስ ስትነዳ ውለህ ስትወርድ ቀና ማለት ያቅትሃል? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን ሁሉ የምጠይቅህ እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብላ ስላሳደገችን ነው እንጂ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አንጀቴ እርር ድብን ብሏል። ያልደወልኩልህም ለዚህ ነው። በስልክ ታቋርጠኛለህ፣ ቀልድ ታመጣለህ፣ እኔም ስቄ እረሳዋለሁ። ወረቀት ግን አታቋርጠውም።

የምጽፍልህ ስለ አባባ ነው። ስለ አባባ ለማውራት ደግሞ ከዶሮዎቹ መጀመር አለብኝ።

ዓምና ብራህማ የሚባሉትን ዘጠኝ የፈረንጅ ዶሮ ጫጩቶች ከአንድ አርቢ በካርቶን ያስላክህለት ጊዜ መርቄህ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከአልጋው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ አልጋው ሲመላለስ የነበረ ሰው፣ በማግስቱ መጋዝና ሚስማር ይዞ ጓሮ ወጣ። እስከ እግር ጣቱ ላባ የለበሰ ዶሮ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። አውራውን ባለ ሱሪው ብሎ ሰየመው። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ከመቀመጤ በፊት እሱ ጭዱን ቀይሮ፣ ውሃውን ሞልቶ፣ እግራቸው ላባ ላይ የደረቀውን ጭቃ በለብታ ውሃ አጥቦ ይጨርሳል። የዶሮ እግር ሲታጠብ ያየሁት እዚህ ቤት ነው። እቀልድበት ነበር፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንተ መጠየቅ ጀመርክ። ገና አምስት ወር ሳይሞላቸው "አባባ፣ ስንት ጣሉ?" በሳምንቱም "አባባ፣ ስንት ጣሉ?" እንዴት አደርክ ማለቱን ተውከውና ሰላምታህ እሱ ሆነ። አልጣሉም ሲልህ ደግሞ ሐኪም ሆነህ ቁጭ አልክ። እነዚህ ትልልቅ ናቸው፣ እንደ ሌላ ዶሮ አይደሉም፣ ሳህናቸው ባዶ እንዳይሆን፣ በቆሎ በደንብ ስጣቸው ብለህ አዘዝከው። አባባን ታውቀዋለህ። ልጄ አለ ካለ አለቀ። ቀኑን ሙሉ በቆሎ ሲያፈስላቸው ይውል ጀመር። ሰባት ወር ሆናቸው፣ ስምንት ሆናቸው፣ ቄቦቹ እንደ ትራስ አበጡ እንጂ እንቁላል የሚባል ነገር አልታየም።

ይህ ሰውዬ ሠላሳ ዓመት መጋዘን ጠብቆ አንድ ብሎን ያልጎደለበት ሰው ነው። ዋሽቶ ስለማያውቅ መዋሸት አይችልበትም። ያን እሁድ "ቢያንስ ፎቶ ላኩልኝ እንጂ" ብለህ ስትነዘንዘው፣ ወጥቶ ከሱቅ አንድ ደርዘን እንቁላል ይዞ ገባ። በጓዳ በር ስለገባ እኔ አላየሁትም። ጭዱ ላይ ደርድሮ ሲጠራኝ፣ መነጽሬንም አላደረግሁም ነበር፣ የምር ጣሉ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለካስ የሱቅ እንቁላል ላይ የሚመታውን የፋብሪካ ቀይ ማህተም ከየእንቁላሉ ላይ በሎሚ ሲፈትግ ቆይቷል። አሥራ አንዱን አጽድቷል። አንዱን ዓይኑ አላየለትም።

አንተ ግን አየኸው። ማየትህ አይደለም ያናደደኝ። ለብቻው ደውለህ አብረኸው ልትስቅ ትችል ነበር። አይተህ እንዳላየህ ማለፍም ትችል ነበር። አንተ ግን ማህተሙን ከብበህ፣ "የአባባ ዶሮዎች በማህተም መጣል ጀምረዋል" ብለህ ጽፈህ፣ አጎቶችና አክስቶች፣ የአክስት ልጆች ሳይቀሩ ባሉበት በቤተሰቡ ግሩፕ ለቀቅከው። አባትህን አደባባይ አወጣኸው።

ያን ጊዜ አባባ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ወደ እኔ አስጠግቶ "እነዚህ ቢጫ ፊቶች ምን እያሉ ነው?" አለኝ። እየሳቁ ነው አልኩት። "ስንት ናቸው?" አለኝ። አሥራ አራት ናቸው አልኩት። አንዱ የኔ መሆኑን አልነገርኩትም። አዎ፣ እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ ሳይገባኝ ጣቴ ቀደመኝ። ስለዚህ ስቆጣህ ራሴንም ጨምሬ ነው፣ አንተን ግን በዚህ አልምርህም። ከዚያ የተጻፈውን አንብቢልኝ አለኝ፣ አነበብኩለት። ስልኩን በፎጣ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ለዚህ ነው የማያነሳልህ እንጂ ስልኩ አልተበላሸም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓሮ አልወጣም። ወሬው በአክስታችን ልጅ በኩል ፀጉር አስተካካዩ ጋ ደርሶ፣ እሱም "ማህተሜ መጡ" ብሎ ስለተቀበለው ፀጉሩን መቆረጥም ተወ። ወንበሩና አልጋው መልሰው ወሰዱት። ሾርባ አቀርብለታለሁ፣ ቀዝቅዞ አነሳዋለሁ። አንተ እዚያ ሆነህ አንዴ ሳቅህ፣ እኔ እዚህ በየቀኑ አየዋለሁ።

ዶሮዎቹን እኔ ተረከብኩና የእንስሳት ሐኪሟን ጠራሁ። አንዷን ቄብ አቅፋ ሆዷን ዳሰሰችና "ማነው እንዲህ ያደለባት? ውስጧ ስብ ብቻ ነው፣ እንቁላሉ በየት በኩል ይለፍ?" አለችኝ። ይህ ዝርያ ሲፈጥረው ዘግይቶ የሚጥል ነው፣ አትቸኩሉ፣ በቆሎውን አቁሙ፣ ጎመን ስጧቸው፣ ወጥተው ይንቀሳቀሱ አለች። ገባህ? አባባ አልሰነፈም። ዶሮዎቹም አልሰነፉም። ያንተን ቃል አክብሮ ነው ያደለባቸው። ሐኪሟ ይህን ስትናገር አባባ በመስኮቱ በኩል ይሰማ ነበር። ልጄ ነው ያዘዘኝ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። እኔ ልናገር ስል በዓይኑ ከለከለኝ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ስድስት ሳምንት በጎመን ከከረሙ በኋላ፣ አንዷ ጥግ ይዛ ስታስካካ ሰማሁ። ገባሁ። አንዲት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ገና ትኩስ እንቁላል። አልነካኋትም። ተመልሼ ስፌቴ ላይ ተቀመጥኩና፣ አባባ እጄ ተይዟል፣ የዶሮዎቹን የውሃ ጣሳ አምጣልኝ አልኩት። ብዙ ካጉተመተመ በኋላ ተነሳ። ቆየ። ሲመለስ ጣሳውን አልያዘም። አንድ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። እንቁላሏን አውጥቶ በብርጭቆ አድርጎ መስኮቱ ላይ አስቀመጣትና ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ "ለሱ እንዳትነግሪው" አለኝ። "ማህተሙ የታለ ይለኛል።"

ይኸው ነገርኩህ። አሁን ስማኝ። በእኔ ስልክ ትደውላለህ። ስለ እንቁላል ትንፍሽ እንዳትል። ባለ ሱሪው እንዴት ነው በለው፣ እግራቸውን ማን እያጠበ ነው በለው። በቆሎው ያንተ ጥፋት እንደነበር በገዛ አፍህ ንገረው። ይህንኑ እዚያው ግሩፕ ላይ፣ አሥራ አራታችን በሳቅንበት ቦታ ጻፈው። አንድ ቀን ራሱ ደስ ብሎት ይህን ያህል ጣሉ ካለህ፣ ይህን ያህል ጥለዋል። አራት ካለ አራት፣ አርባ ካለ አርባ። ፎቶ የሚል ቃል ካንተ አፍ ከወጣ ግን እህት የለህም።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። እሷ ቢጫ ፊት አላደረገችም፣ አይቻለሁ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ ፖስታው ውስጥ ያለው ላባ የሷ ነው፣ ከባለ ሱሪው እግር የወደቀ ነው። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፣ የዶሮ ቤቱን በር እሱ ነው የጠገነው። አባባ መጻፌን አያውቅምና ከሱ የምልክልህ ሰላምታ የለኝም። ከላይ ያነበብከው ሰላምታ የእማማ ነው። የኔን ከአባባ ጋር ከተነጋገርክ በኋላ ትወስዳለህ።

ታላቅ እህትህ

ከስፌት መኪናዬ ላይ፣ በጓሮው መስኮት በኩል
ሐሙስ፣ እንቁላሏ በተገኘች በሦስተኛው ቀን