በአንድ አሜን የመጣ እርግዝና

አርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
የጠዋት ቆጠራ፦ ክብደት ሰባ አንድ ኪሎ ተኩል። ሲጋራ ዜሮ። ካቆምኩ መቶ ሰባተኛ ቀን።

ለማከብርሽና ለምወድሽ እኅቴ፣ ለእታለም አሰገደች፦

እንደምን ከርመሻል? ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው የሚያብጠው ጣትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ልብስ ማጠቡን አልተውሽም? የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ሳያልቅ መግዛቱን ማን ይከታተላል? ባለቤትሽ ጋሽ ጌዲዮን ወገባቸውን እንዴት አደረጋቸው? ልጅሽ ሩፋኤልስ ትምህርቱን ይዟል? ብርዱ አሰላ ላይ በርትቷል ብለውኛልና ብርድ ልብሶቹን ከሣጥን አውጥታችሁ እንደሆነ ብዬ ሳስብ ነበር። ስለ ልጄ ስለ ምሥጢር እዚህ ላይ አልጠይቅሽም፤ የእሷ ነገር ከታች ራሱን ችሎ ይመጣል። እኔ ጤና ነኝ። እንዲያውም ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣብኝ ጤነኛ ልሁን ስላልኩ ነው።

ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ዘለሻቸው ከሆነ ተመልሰሽ አንብቢያቸው። ሱቅ ሳልከፍት በፊት ጠዋት ጠዋት በማስታወሻ ደብተሬ የምጽፋቸው ናቸው። ዛሬ የአንቺ ደብዳቤ ላይ የገለበጥኳቸው የማፍርባቸው ስላልሆኑ ነው። አዎ፣ ሲጋራ። ዘጠኝ ዓመት አጭሻለሁ። አሁን ተቀመጪና ቀሪውን አንብቢ።

በወረቀት የምጽፍልሽ ድምፅ ብልክልሽ ስፒከር ላይ ታደርጊውና ግቢው በሙሉ ስለሚሰማው ነው። ሸሪፋን ታውቂያታለሽ፣ የእኛው የአሰላ ልጅ፣ እዚህ ኩዌት፣ ፋርዋኒያ አብራኝ የምትኖረው። እሑድ ለእረፍት ወደ አገር ትመጣለች። «በእጇ ስጪያት፤ ስትከፍተውም አጠገቧ ቁሚ» ብያታለሁ።

ጥቅምት ስድስት ቀን የላክሽልኝ ድምፅ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። «ቲጂ፣ ሰምተናል። አባትየው ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም። እማዬ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ሆድሽ እስኪለይለት ድረስ እዚህ እንዳትመጪ። ልጅቷንም በስልክ አላገናኝሽም፤ ትምህርት ቤት በአንቺ ምክንያት እየሰደቧት ነው» ብለሻል። ከዚያ ወዲህ አምስት ሳምንት ሆነ፣ የልጄን ድምፅ አልሰማሁም። ብደውል አታነሺም። በሦስት ዓመቷ አንቺ እጅ ላይ ትቻት ስወጣ በየሳምንቱ ድምፄን እንድታሰሚያት ነበር የተባባልነው፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ተቆራርጠን አናውቅም። ተናድጃለሁ፣ አልደብቅሽም። ቢሆንም በንዴት አልጽፍም፤ የሆነውን በየተራው እነግርሻለሁ፣ ከዚያ አንቺው ፍረጂ።

ሚሽሪፍ የሚባለው ሰፈር፣ ማዳም ለጢፋ ቤት ስሠራ የማዳም እናት ከልጆቻቸው ተደብቀው ያጨሱ ነበር። ልብስ ላሰጣ ጣሪያ ላይ ስወጣ ግድግዳ እየተደገፉ ይከተሉኛል። አንድ ቀን «አንቺም ከቀመስሽ አትናገሪብኝም» ብለው አቀበሉኝ። እውነታቸውን ነበር፣ አልተናገርኩም። ቤተሰቡ በልቶ እስኪነሳ የእኔ ምሳ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል፤ ሲጋራው ሆዴን ዝም ያሰኝልኛል። አሮጊቷ ሲሞቱ እሳቸው ሄዱ፣ ሲጋራው ከእኔ ጋር ቀረ። የሰው ቤት ሥራውን ትቼ ፋርዋኒያ የቀሚስ ንግድ ስጀምርም አልተለየኝም። የዛሬ ሦስት ዓመት አገር ቤት ስመጣ ሻርፔን አሽትተሽ «ይሄ ደግሞ ምን ምን ይላል?» ስትይኝ የማዳም ቤት የቡኹር ዕጣን ጭስ ነው ብዬ ዋሽቼሻለሁ። ለእሱ ይቅርታ አድርጊልኝ። በዚህ ደብዳቤ ይቅርታ የምጠይቅሽ ለእሱ ብቻ ነው።

ሐምሌ ላይ የሕንፃችን አሳንሰር ተበላሸ። እኛ አምስተኛ ፎቅ ነን። የቀሚስ ካርቶን ታቅፌ ስወጣ ሦስተኛው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሳሉ ደረቴን ሊቀደው ደረሰ። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ፊሊፒናዊት ሁለት ከረጢት ሩዝ ይዛ በአጠገቤ አለፈች። ያን ቀን ወሰንኩ። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ነርሷ ሳንባዬን አዳምጣ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። «ስታቆሚ የምግብ ፍላጎትሽ ይከፈታል፤ አፍሽም እጅሽም ሥራ ይፈልጋሉ። ኪሎ ትጨምሪያለሽ። በዚያ ደንግጠሽ ተመልሰሽ እንዳታጨሺ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ማቆሚያዬን ነሐሴ አንድ ቀን አደረግኩት። ፍልሰታ ነው፣ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ከየት መጥቶ ያወፍረኛል? ስንቱን ዕቃ መዝኜ የሸጥኩ ሰው ይህን ሳልመዝን ገባሁበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከእሳት የወጣ ኩብዝ፣ የዚህ አገር ዳቦ ማለት ነው፣ ሦስት አራቱን በሰሊጥ ሐላዋ እየጠቀለልኩ፣ ድንች ጥብሱን ከነዘይቱ፣ ተምሩን በሰሃን። አንዷንም አልገደፍኩም፤ ሁሉም የጾም ነው! ሱባዔው ሲፈታ አራት ኪሎ ጨምሬ ነበር። ሸሪፋ አሳንሰር ውስጥ ሰው ፊት «በረመዳን ወፈራችሁ እያላችሁ እኛን ስታሙ ኖራችሁ፤ ፍልሰታችሁን አየነው!» ብላ አዋረደችኝ።

የምመዘነው ከሱቄ ጎን ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚልከው አብዱልዋሂድ ጋ ነው። ሚዛኑ ለካርቶን የተሠራ ስለሆነ አያባብልም። አብዱልዋሂድ ሁልጊዜ «ቲጂ፣ ዛሬስ በአየር ነው በመርከብ የምንልክሽ?» ይለኛል። ከስልሳ አንድ ተነስቼ መስከረም ውስጥ ሰባ ሦስት ስገባ «አሁንስ መርከብ ነው፣ እሱም ቦታ ከተገኘ» አለኝ።

እንግዲህ ወሬው የተወለደው እዚህ ላይ ነው። የሐበሻ ቀሚስ የምሸጠው ራሴ ለብሼ በማሳየት እንደሆነ ታውቂያለሽ። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ፣ ኤልሣቤጥ መጣች። ሚሽሪፍ ሰው ቤት የምትሠራው፣ አክስቷ ከእናንተ ግቢ ጀርባ የሚኖሩት። የለበስኩት ቀሚስ ሆዴ ላይ ተወጥሯል፣ አፌ ቆሎ ያላምጣል። ደግሞ በር ላይ ሰው ሲያጨስ ሽታው አጥወልውሎኝ አፍንጫዬን ይዤ ዞር አልኩ። ሆዴንና አፌን አየችኝ። ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ ከበሩ ላይ ጮክ ብላ «ቲጂዬ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» አለች።

እኔ በአንድ እጄ ሜትር ይዤ የአንዷን ደንበኛ ወገብ እየለካሁ ነበር። ሰው ሲመርቀኝ ያደግኩበትን አደረግኩ። «አሜን» አልኩ። ምን ብላ እንደመረቀችኝ ወደ ጆሮዬ የገባው እሷ መንገዱን ከተሻገረች በኋላ ነው። እታለም፣ አንቺስ ብትሆኚ? እናታችን አሜን ሳንል ከቤት አስወጥታን ታውቃለች? ያች አሜን ከእኔ ቀድማ አሰላ ገባች።

ድምፅሽ በደረሰኝ በሳምንቱ ሚሽሪፍ ሄድኩ። ኤልሣቤጥን ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ በጓሮ በር አገኘኋት። ምን አደረግኩሽ አልኳት። «አሜን ብለሽኛል እኮ!» አለች። የተመረቀ ሰው አሜን ካላለ ምን ይላል ብላት «ያላረገዘች ሴትማ አላረገዝኩም ትላላ!» ብላ ወገቧን ያዘች። «እሺ፣ እርግዝና ካልሆነ ምንድነው እንዲህ ያሳበጠሽ?» ስትለኝ ነገርኳት። ሲጋራ አቁሜ ነው አልኳት። የያዘችው ላስቲክ ከእጇ ወደቀ። «ውይ በማርያም! እርግዝናው ይሻል ነበር!» አለች።

እዚያው በር ላይ ሳቅሁ። መንገድ ላይ ግን ሳቄ ጠፋ። እውነቱ ከውሸቱ የባሰ ነውር ነው ማለቷ ነበር፤ አንቺም እንደዚያ እንደምታስቢ አውቃለሁ። ያላረገዝኩትን እርግዝና ለማስተባበል ያጨስኩትን ሲጋራ ማመን አለብኝ። ዝም ካልኩ ደግሞ ልጄ ትሰደባለች። እዚህም ያለ ባል አርግዛለች መባል ቀልድ አይደለም፤ የኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ኃላፊ ጆሮ ከገባ ከሱቄም ከአገሩም ያስወጣኛል። ስለዚህ አመንኩልሽ፤ ይኸው በእጅ ጽሑፌ።

አንድ ቀን በቀትር ባቃላ፣ የሰፈሩ ሸቀጥ ሱቅ፣ ገብቼ ፓኬት ገዝቻለሁ፤ እሱንም አልደብቅሽም። በሐሳቤ ቀላል ነበር፦ ሁለት ወር ባጨስ እከሳለሁ፣ ከከሳሁ ወሬው ይሞታል፣ ልጄ ስልክ ላይ ትመጣለች። ፓኬቱን በእጄ እያገላበጥኩ ሱቄ በር ስደርስ ሌላው ታየኝ። ብከሳስ? «አስወረደችው» ይላሉ! ለእነሱ የሚበቃ ኪሎ የለም ማለት ነው። ተመልሼ ባለ ባቃላውን ያልተከፈተ ዕቃ ነው፣ ተቀበለኝ አልኩት። ተጨቃጨቅን፣ ተቀበለ።

ሸሪፋ «የሐኪም ወረቀት አሠርተሽ ላኪላቸው» ብላኝ ነበር። አልልክም። ለእማዬም ለአንቺም በማኅተም የተረጋገጠ ቃል ሰጥቼ አላውቅም፤ አሁንም አልጀምርም። እኔን ካመናችሁ በቃሌ፣ ካላመናችሁም ቃሌ ይሄው ነው።

ደግሞም ውፍረቴን ለማንም ብዬ አላወርድም። ደረጃውን ለመውጣት እንዲቀለኝ ብዬ ግን እያወረድኩት ነው። ኩብዙን በቀን ግማሽ አድርጌዋለሁ። በማልጾምበት ቀን ጠዋት እንቁላል በልቼ እወጣለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቁ ነበር የጎዳኝ። ካሮትና ኪያር ተቆርጦ ጠረጴዛዬ ላይ አይጠፋም። ቆሎውን በሻይ ብርጭቆ እየለካሁ ነው፤ ከአንድ ብርጭቆ አያልፍም። እጄ ሥራ ሲያጣ የቀሚስ ጠርዝ እሰፋለሁ። ሙቀቱ ስለበረደ የደንበኛ ዕቃ በታክሲ መላኩን ትቼ በእግሬ አደርሳለሁ። በሁለት ወር የወረደልኝ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ትንሽ ነው፣ ቢሆንም አልተመለሰም። ትናንት አምስተኛ ፎቅ ሳልቆም ወጣሁ። ሰኞ የገና ጾም ይገባል፤ ዘንድሮ ምስሩንና ጎመኑን ቀድሜ ሠርቼ እንጂ ኩብዝ አምኜ አልጾምም።

ሌላም ልንገርሽ። ሙሉ ሰውነት ያላቸው ሴቶች ድሮ ቀሚሱ እኔ ላይ እንዴት እንደሚውል አይተው አፍረው ይመለሱ ነበር። አሁን ይገባሉ፣ ይለካሉ፣ ይስቃሉ። ትልቅ ቁጥር ጨምሬ አዝዣለሁ።

የሚገርመኝ እማዬ ናት። የዛሬ ሦስት ዓመት ስመጣ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «አረብ አገር በላሽ፣ አጥንትሽ ወጣ» ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ በቀን አንድ ፓኬት አጨስ ነበር። አሁን ጤና ሆኜ ወፈርኩ፣ አሁንም ታለቅሳለች። ይህን በእርጋታ ንገሪያት፤ ሲጋራውንም ጭምር። ልብሽ እምቢ ካለሽ እኔው መጥቼ እነግራታለሁ።

እንዳትመጪ ብለሽኛል። እመጣለሁ። ለገና፣ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት፣ በቀን፣ ዓይን ባለበት ሰዓት፣ ከነጉንጬና ከነሆዴ በዋናው መንገድ በእግሬ እገባለሁ። ያየ ይይ፣ የቆጠረ ይቁጠር። እስከዚያው ከነገ ወዲያ እሑድ እደውላለሁ፣ በእናንተ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት። ሸሪፋ ገና አልደረሰችም ይሆናል፤ ሆኖም ይህን ሳታነቢም ስልኩን ለምሥጢር እንደምትሰጫት ተስፋ አለኝ። ባትሰጫትም በየቀኑ በዚያው ሰዓት እደውላለሁ። አንቺ ማንሳት እስኪሰለችሽ ሳይሆን አለማንሳት እስኪሰለችሽ።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ መድኃኒቷን ሸሪፋ ይዛላታለች። ለጋሽ ጌዲዮን የወገብ መቀነት ልኬላቸዋለሁ፣ ሲቀመጡም አይፍቱት። ለሩፋኤል ሰላም በይው፤ የላኩለት ጫማ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ የተገዛው እግሩ ማደጉን ስለማያቆም ነው። ለምሥጢር፦ ልጄ፣ እናትሽ ሲጋራ ታጨስ ነበር፣ አሁን አታጨስም፣ ወፍራለች። ትምህርት ቤት የሚሰድብሽ ካለ ይህንኑ ንገሪው፤ ከዚህ የሚጨምርበት ነገር አያገኝም። ለአንቺም ለእታለም፣ ልጄን እንዳሳደግሽልኝ የሚያህል ሰላምታ።

እኅትሽ ቲጂ
ፋርዋኒያ፣ ኩዌት፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከደብተሬ፣ ለነገ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፦ ትኬት መቁረጥ። ለአንድ ሰው፣ ደርሶ መልስ።